ከደሴ ሐይቅ ደርሶ መልስ፦ ጠዋት ገዳም፣ ቀትር ላይ ዓሣ

ከአዲስ አበባ ወደ ወልድያና ወደ መቐለ የሚያልፍ ሾፌር ሐይቅ ከተማን የሚያውቃት በዓሣዋ ነው። መኪናውን ጥግ አስይዞ ይወርዳል፣ ጥብሱን ያዝዛል፣ እጁን ታጥቦ ይነሣል። ከአስፋልቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ የተኛውን ውኃ ጠጋ ብሎ ሳያይ፣ ከውኃው ዳር ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ወንጌል የሚጠብቁ መነኮሳት መኖራቸውን ሳይሰማ ያልፋል።

ይህ መመሪያ ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅን በአንድ ቀን አይቶ ለመመለስ ላሰበ ሰው ነው። ዋናው ምክር ቅደም ተከተሉን አለማዛባት ነው፤ ጠዋት ገዳሙ፣ ቀትር ላይ ዓሣው፣ ጊዜ ከተረፈ ከሰዓት በኋላ አምባሰል። አብዛኛው ጎብኚ በተቃራኒው ይጀምራል። መጀመሪያ ይበላል፣ ከዚያ ጥላ ይፈልጋል፣ ወደ ገዳሙ ሲያመራ ቁልፍ የያዙት አባት ወይ ጸሎት ላይ ናቸው፣ ወይ ወጥተዋል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። በአገራችን «ውኃ ዳር እንዋል» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሶደሬና ወደ ወንዶ ገነት ነው፤ ሙቅ ውኃ፣ የተገነባ ገንዳ፣ ልብስ መቀየሪያ። ወሎም ፍል ውኃ አላጣም፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ፣ በቦርከና ሸለቆ ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውኃ አለ። ሐይቅ ግን ሌላ ዓይነት ቦታ ነው። ከባሕር ወለል ወደ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተራሮች መካከል የተቀመጠ፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ለመዘፍዘፍ የመጣ ሰው ያዝናል፤ ለማየትና ለመስማት የመጣ ይጠግባል።

ከመነሣት በፊት

መጀመሪያ ወሩ ይመረጥ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ መንገዱንም ዕይታውንም ያበላሻል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ግን ጋራው ገና አረንጓዴ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ የሚወዳደረው የለም። ጥርም ደህና ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ድንገት ሊመጣ ስለሚችል ካፖርት ወይም ጃንጥላ ይያዝ።

ቀጥሎ ቀኑ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ በአዘቦት ቀናት ሁሉ፣ ቅዳሴ የሚገባው አርፍዶ ስለሆነ የገዳሙ አባቶች በቀትርና ከቀትር በኋላ ሥራ ላይ ናቸው። እሑድ ጠዋት ደግሞ ቅዳሴው ማልዶ ያልቃል፤ ሕዝቡ ግን ይበዛል። ገዳሙን በእርጋታ ማየት የሚሻ ሰው ማክሰኞን ወይም ሐሙስን ቢመርጥ ይሻለዋል። ሕዝብ ማየት የሚሻ ደግሞ የበዓል ቀን ይጠብቅ፤ የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ጥቅምት 17 እና ጥር 1፣ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ዕረፍት ኅዳር 26 ይውላል። በእነዚህ ቀናት የባጃጅ ወረፋም አብሮ እንደሚመጣ አይረሳ።

ሦስተኛው ጉዳይ መንገዱ ነው፤ ይህን ማድበስበስ አይገባም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴም ሐይቅም በጦርነቱ ውስጥ ወድቀው ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዶችን ሳይታሰብ ሲዘጋ ኖሯል። ስለዚህ ማታ ዘመድ ወይም የሚያውቁትን ሾፌር መጠየቅ፣ ጠዋት ደግሞ መናኸሪያ ደርሶ እንደገና ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ሬዲዮ ከሚናገረው ይልቅ ማታ ከወልድያ የገባ ረዳት የሚናገረው ትኩስ ነው። «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ሁሉም ይጠይቃል። ኬላ ላይ ስለሚጠየቅ መታወቂያ ከኪስ አይለይ።

ለጉዞው የሚያዘው ጥቂት ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ በ2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጠዋት ብርድና ጉም አይጠፋትም፤ ሹራብ ያስፈልጋል። ሐይቅ ሲደርሱ ሹራቡ ይወልቃል። ነጠላ ወይም ጋቢ ለገዳሙ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ፣ የመጠጥ ውኃ፣ ዝርዝር ብር። የመጨረሻውን አጥብቆ መናገር ያስፈልጋል፤ ባጃጁም፣ የገዳሙ መግቢያም፣ ጀልባውም ለትልቅ ኖት መልስ የላቸውም።

መንገዱ

ከደሴ እስከ ሐይቅ ያለው ርቀት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባሱ ብዙ ካልቆመ አንድ ሰዓት አይሞላም። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ የደረሰ ሰው ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሐይቅ ከተማ ሻይ ይጠጣል። ረዳቶቹ «ሐይቅ! ሐይቅ!» እያሉ ስለሚጣሩ መፈለግ አያስቸግርም። የውጫሌ፣ የመርሳና የወልድያ መኪናም በዚያው ያልፋል። በእነዚህ የሚሳፈር ሰው ግን ወራጅ የት እንደሆነና ሒሳቡ ስንት እንደሆነ ከመቀመጡ በፊት ይስማማ።

ወንበር መምረጥ ከተቻለ በስተቀኝ፣ መስኮት ዳር። መንገዱ ከደጋው እየተጠማዘዘ ወደ ወይና ደጋው ሲወርድ ሐይቁ የሚታየው በዚያ በኩል ነው። ወደ ውጫሌ የሚቀጥል ሰው ደግሞ ከሐይቅ ከተማ በኋላ ግራውን ይመልከት፤ የአምባሰል ጋራዎች እዚያ ተደርድረዋል።

ሐይቅ ከተማ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አንዱን ቡና ቤት ገብቶ ቁርስ መቅመስ ይቻላል፤ ወሎ ነውና ቡናው «ጀባ» ተብሎ ይቀርባል። ከዚያ ባጃጅ ይያዝ። ከባጃጁ ጋር ሲነጋገሩ የመሄጃውን ብቻ ሳይሆን የመመለሻውንም ማሰብ ይበጃል፤ ይጠብቃል ወይስ ተደውሎ ይመጣል? ስልኩን ተቀብሎ በሰዓት መቃጠር ከሁሉ ይረክሳል።

መጀመሪያ ገዳሙ

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬ በልሳነ ምድር ላይ ነው፤ በእግርም በመኪናም ይገባል። ድሮ ግን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ሐይቁን አይቶ ጽፏል። መነኮሳቱ በደንገል ላይ ትልልቅ ቅሎች አስረው እንደሚሻገሩ፣ በደሴቱ ሎሚ፣ ብርቱካንና ትርንጎ እንደሚበቅል፣ በውኃው ውስጥም ጉማሬ እንዳለ ነግሮናል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የኢማም አሕመድ ጦር ሲመጣ ወደ ደሴቱ ለመድረስ ታንኳ ማበጀት እንደነበረበት የዘመቻው ጸሐፊ ዐረብ ፋቂህ መዝግቦታል። ጎብኚው ዛሬ በደረቅ መሬት ሲሻገር ውኃው ምን ያህል እንደሸሸ ልብ ይበል።

የአካባቢው ሰው ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የሚተርከው ሌላ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ሴቲቱ ከተቀመጠችበት መሬት በቀር ዙሪያውን ሁሉ ውኃ አደረገው። የተረፈችው ቁራሽ መሬት ገዳሙ የቆመባት ናት። ታሪኩን ከባጃጅ ሾፌሩ እስከ ዓሣ አስጋሪው ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ጥቂት እየለወጠ ይነግረዋል። ሁለት ሦስት ሰው መጠየቅ ጉዞውን ያጣፍጠዋል።

ገዳሙ የተመሠረተው በዘጠነኛው ምዕተ ዓመት፣ በንጉሥ ድልነአድ ዘመን እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። ስሙ የገነነው ግን በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ከመጡ ወዲህ ነው። ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ መጻሕፍት አስጻፉ፣ ደቀ መዛሙርት ሰበሰቡ። በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ገዳም የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚህ ዓመታት ተቀምጠዋል። በ1270 (እ.ኤ.አ.) ሰሎሞናዊውን ሥርወ መንግሥት የመለሰው ይኩኖ አምላክም በዚሁ መምህር እጅ እንዳደገ ይነገራል። የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» እየተባሉ በቤተ መንግሥት ከታላላቆቹ ባለሥልጣናት አንዱ የሆኑት ከዚህ ግንኙነት የተነሣ ነው።

አንድ ተማሪ ደግሞ ለብቻው ይነሣ። አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ፣ የመጽሐፈ ምሥጢርና የአርጋኖን ደራሲ፣ በልጅነቱ እዚህ ለትምህርት ተሰጥቶ ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው ትምህርቱ አልገባ ስላለው ለገዳሙ እህል እንዲፈጭ ተደረገ። ከኢትዮጵያ ሊቃውንት ሁሉ በብዕር የበረታው ሰው ዓመታት ያሳለፈው ከወፍጮ ሥር ነው ማለት ነው። ልጆቹን ይዞ የሚሄድ ወላጅ ይህን እዚያው ቆሞ ቢነግራቸው ከቤት ምክር ይበልጥ ይሰማል።

አሁን ወደ ሥራው። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠየቁት ዕቃ ቤቱ ናቸው፤ ንዋያተ ቅድሳቱና ቁልፉ በእሳቸው እጅ ነው። «አባቴ፣ ይባርኩኝ» ብሎ መስቀል መሳለም፣ የመጡበትን መናገር፣ የጉብኝቱን ክፍያ ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል። ክርስቲያን ያልሆነ ጎብኚ «እንደምን አደሩ አባ» ብሎ በአክብሮት ቢቆም ይበቃዋል። ፎቶ ሳይፈቀድ አይነሣም፤ ስልክን ኪስ ውስጥ ማስቀመጥ ክርክሩን ያስቀራል።

የገዳሙ ትልቁ ሀብት አባ ኢየሱስ ሞዐ ራሳቸው ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል ነው። የተጻፈው በ1273 ዓ.ም. (1280/81 እ.ኤ.አ.) ሲሆን ዘመናቸው በውል ከሚታወቅ ጥንታዊ የግእዝ ብራናዎች መካከል ነው፤ የሰጪው የኢየሱስ ሞዐ ሥዕልም በውስጡ አለ። ጎብኚ በመጣ ቁጥር የሚገለጥ መጽሐፍ ስላልሆነ አላዩም ብሎ ማኩረፍ አይገባም። ብራና የእጅ ላብና ብርሃን ይጎዳዋል። ሌሎቹን መጻሕፍትና መስቀሎች በማየት መርካት፣ ስለዚህኛው ደግሞ አባቶችን መጠየቅ ይሻላል። ጥያቄ የሚያውቅ ሰው ከሥዕል በላይ ያገኛል።

ሴቶችን በሚመለከት ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ ወደ ወንዶቹ ገዳም ቅጥር አይገቡም። ይህን ደጃፍ ደርሶ መስማት የብዙ ቤተሰብን ቀን አበላሽቷል። ስለዚህ አስቀድሞ ይነገር፣ ዕቅዱም በዚያው መሠረት ይሠራ። ሴቶች እስከ የት መድረስ እንደሚችሉ በሩ ላይ ይጠየቅ። ወንዶቹ ገብተው እስኪወጡ የሚጠበቅበት ጥላና ውኃ ዳር አይታጣም። ይበልጥ የሚሻለው ግን ጊዜውን መቁረጥ ነው፤ ወንዶቹ አንድ ሰዓት ብለው ገብተው ሦስት ሰዓት ከቆዩ የምሳው ጠብ አይቀርም።

ከዚያ ዓሣው

አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ከገዳሙ የወጣ ሰው ለምሳ ልክ ነው። ገበታ ላይ የሚቀርበው ቆሮሶ የሐይቁ ነባር ዓሣ አይደለም፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ከዚያ በፊት ውኃውን የለኩ ተመራማሪዎች በርካታ ሜትር ወደ ታች የሚያሳይ ጥርት ያለ ውኃ አግኝተው ነበር። ዓሣው ከገባ በኋላ በውኃው ላይ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን ነፍሳት ሲበላቸው፣ እነሱ ይበሉት የነበረው አልጌ በዛ፣ ውኃውም ደፈረሰ። ያም ሆኖ ዛሬ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ የዚህ ዓሣ ነው። ከቆሮሶ ሌላ አምባዛና ካርፕም ይወጣል።

ማዘዝ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ «የዛሬ ነው?» ይላል። ዓይኑ የፈጠጠ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነ ዓሣ ጠዋት የወጣ ነው፤ ከመጠበሱ በፊት ልየው ማለት ነውር የለውም። ሙሉ ጥብስ ማለት ጎንና ጎኑ ተበጣጥቶ በዘይት የተጠበሰው ነው፤ በሚጥሚጣ ወይም በአዋዜ፣ በሎሚ ይበላል። እሾህ ለሚፈሩና ለልጆች ጉላሽ ወይም ኮተሌት ይሻላል። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ሙግት እዚህ ገበታ ላይ ሳይነሣ አይቀርም፤ አብሮ የተጓዘው ሰው ምን እንደሚያምን ከማዘዝ በፊት ማወቅ ጨዋነት ነው። በጾም የማይበላ ሰው ሽሮና በያይነቱ ከከተማው ያገኛል።

ውኃው

ምሳው ሲያልቅ መዋኘት ያምራል። እዚህ ላይ ግን ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ሐይቁ ከዳር ትንሽ ራቅ ሲሉ ድንገት ይጠልቃል፤ ፊሽካ ነፍቶ የሚያስወጣ የዋና ጠባቂም የለም። ሁለተኛ፣ ቢልሃርዝያ በሐይቅ አካባቢ የሚታወቅ በሽታ ነው። ትሉ የሚያድገው ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከዚያ ወጥቶ ቆዳ ሰንጥቆ ለመግባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። እግርን ብቻ ነከር ማድረግም ከመዋኘት አይለይም። ውኃ የነካው ሰው ወዲያው በፎጣ ቢደራረቅ ይረዳል፤ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካየ ለሐኪሙ «ሐይቅ ውኃ ገብቼ ነበር» ይበል።

ጀልባ ግን ይመከራል። ከመሳፈር በፊት የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩ፣ ስንት ሰው እንደሚጫንና ለስንት ደቂቃ እንደሚሄድ ይጠየቅ፤ ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ የሚለውም እንዲሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጀልባው ከምሳ በፊት ወይም ወዲያው ከምሳ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ከመሀል ውኃ ሲታይ ገዳሙ በዛፍ ተሸፍኖ ዱር ይመስላል፤ የቤተ ክርስቲያን ደን ምን እንደሚጠብቅ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ዙሪያው ያለው ጋራ ተራቁቷልና።

ሐይቁ ውኃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ከአጠገቡ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣውም ውኃ እዚሁ ያበቃል። ስለዚህ የተጣለ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎርፍ አይወስደውም፤ እዚያው ይቀራል። የያዙትን ይዘው ይመለሱ።

ለተረፈው ከሰዓት

እስከ ሰባት ሰዓት ምሳው ካለቀ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቀጥሎ የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ መድረስ ይቻላል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ይስማ ንጉሥ የተባለው ቦታ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. (ግንቦት 2 ቀን 1889 እ.ኤ.አ.) ምኒልክና የኢጣሊያው ፒየትሮ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል የተፈራረሙት እዚህ ነው። በአንቀጽ 17 ላይ የአማርኛውና የኢጣሊያንኛው ቅጂ አለመገጣጠማቸው ከሰባት ዓመት ያነሰ ጊዜ ውስጥ ሁለቱን አገሮች ዓድዋ ላይ አገናኛቸው። ቦታውን ለማግኘት ውጫሌ ወርዶ ባጃጅ ለያዘ «ይስማ ንጉሥ» ማለት ይበቃል። ታሪኩን አስቀድሞ አንብቦ የሄደ ሰው ይጠቀማል፤ ሳያነብ የሄደ ሜዳና ጋራ አይቶ ይመለሳል።

አምባሰል የጃንጥራሮች አገር ናት፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው የዚህ ገዥ ነበሩ። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሟ ይጠራል፤ የማሪቱ ለገሰን ድምፅ በስልኩ ጭኖ የሄደ ሰው ከውጫሌ ሲመለስ ጆሮው ላይ ያድርገው።

ግሸን ማርያምም በዚሁ በአምባሰል ናት። «እግረ መንገዳችንን ግሸን ደርሰን» የሚል አብሮ ተጓዥ ቢነሣ አይሰማ። ግሸን የራሷ መንገድ፣ የራሷ አቀበት አላት፤ በመስቀል ቅርጽ የተቀረጸውን አምባ ለመውጣት ሙሉ ቀን፣ ለመስከረም 21 ንግሥ ደግሞ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል። በአንድ ቀን ሐይቅንና ግሸንን ያየሁ የሚል ሰው ሁለቱንም አላየም።

ሰባት ሰዓት አልፎ ከሆነ ውጫሌን ትቶ በባጃጅ አርዲቦን ማየት ወይም እዚያው ሐይቁ ዳር ወፎቹን ሲመለከቱ መቆየት ይሻላል።

መመለሻው

ከውጫሌ አሥር ሰዓት፣ ከሐይቅ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መነሣት የመጨረሻው ልክ ነው። ሚኒባሱ እየመሸ ሲሄድ ይሳሳል፤ የቀረውም እስኪሞላ ይቆማል፤ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጣ ጉም ከያዘው ደግሞ ያዘግማል። በሰላሙ ሁኔታ የተነሣ የሰዓት ገደብ ያለበት ቀን ከሆነ ሁሉም ነገር በሁለት ሰዓት ይቅደም። መኪና ያመለጠው ሰው በጨለማ መንገድ ዳር ቆሞ የጭነት መኪና አይለምን፤ ሐይቅ ከተማ አልጋ ይዞ ቤተሰቡ ጋ ይደውል፣ ከማለዳው ሚኒባሶች በአንዱ ላይም በረዳቱ በኩል ከማታው ወንበር ያስይዝ።